ብርድ ልብስ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሸሪ ደወለችልኝ፤
«ዳርትመዝ ሂድ፣ ከሐይቁ ማዶ፣ ሽማግሌ ናቸው» አለችኝ።
«ፓምፑ ሞተ ይላሉ፤ ቤቱ አሥራ አንድ ዲግሪ ነው፤
ደጁ ከዜሮ በታች ሃያ፤ ቶሎ ድረስ ለሰውየው።»

መኪናዬ ሳል ይዟታል፤ መንገዱ ጨው ለብሷል፤
ከባሕሩ የሚነሣው ጉም ድልድዩን አጋምሷል።
ጓንቴን፣ መፍቻዬን፣ የጋዝ መለኪያዬን ይዤ
ደጃፋቸው ቆምኩኝ፣ ግማሽ ሰው ግማሽ በረዶ፣ ፈዝዤ።

አቶ ቡድሮ በሩን ከፈቱ፤ ሁለት ሹራብ፣ አንድ ካፖርት፤
«አልወቅሰውም» አሉ ስለ ፓምፑ፤ «አሙቆናል አራት ክረምት።»
ቤቱን ዞርን፤ ከኋላ በኩል፣ ከአጥሩ ሥር፣
ፓምፕ አልነበረም፤ ተጠቅልሎ የተኛ ነገር ነበር።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ፣ ኮከብ ኮከብ የጣለ ብርድ ልብስ፣
በልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮ፣ ጥንቅቅ ብሎ እስከ እግሩ ድረስ፤
በዚያ ላይ በረዶ፣ በበረዶው ላይ ሌላ በረዶ፤
ታንኳኳዋለህ እንደ በር፣ ሰው ያለ ይመስል ከማዶ።

«ማታ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ፤ «ደጅ ቆሞ ብቻውን፤
እኛን ያሞቀ ሲበርደው፣ እያየሁ ልጨፍን ዓይኔን?
ኢቮን የሰፋችው ነው፤ አልጋው ለአንድ ሰው በዝቷል፤
እሷ ብትኖር ቀድማኝ ታለብሰው ነበር፤ ሆዷ ቶሎ ይባባል።»

ምን ልበላቸው? በደግነትዎ አነቁት ልበል?
ይህ ፍጥረት ከውርጩ ውስጥ የሙቀት ፍርፋሪ ለመቀበል
ደረቱን ገልጦ መቆም አለበት፤ ቀለቡ ብርዱ ነው፤
ብርድ ልብሱ የተደረበለት ሌት ነው፣ ብርድ፣ ልብሱ የሆነው።

ኮሌጅ ሳለሁ ሚስ ታቢታ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ነበር፦
«ይህ ማሽን ሙቀት አይሠራም፤ ያለውን ነው የሚያሻግር።»
ከዜሮ በታች ሃያም ቢሆን፣ አየሩ ባዶ አይባልም፤
ቃራሚ ይጥፋ እንጂ ከማሳው ቃርሚያ አይጠፋም።

አልተናገርኩም።
ለብ ያለ ውሃ ለመንኳቸው፤ በማንቆርቆሪያ አመላለሱ፤
ገመዱ ሲላላ፣ በረዶው ሲላቀቅ፣ ኮከቦቹ አንድ በአንድ ተመለሱ።
ቢላዋ አላስጠጋሁም፤ ክንፎቹ እንደ ወረቀት ስስ ናቸው፤
ጥቂቶቹን ተጣመው አገኘሁ፤ በማበጠሪያ አቃናኋቸው።
ማራገቢያውን በእጄ አዞርኩት፤ እሺ አለ፣ እያጉረመረመ፤
ጋዙን ለካሁ፤ ሙሉ ነው፤ መጭመቂያው፣ ልቡ፣ አልታመመ።

ብሬከሩን መለስኩ። ዝም።
ሁለት ደቂቃ። ዝም።
ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ከውስጡ አንድ ነገር ጉሮሮውን ጠረገ፤
ነጭ እንፋሎት ፈልቶ ወጥቶ ግቢውን ጉም በጉም አደረገ።
«ተቃጠለ!» አሉኝ። «የለም» አልኩ፤ «ይህ ላቡ ነው፤
መንቀጥቀጡም በርዶት አይደለም፤ ሲሠራ ጠባዩ ነው።
ከላይ ክዳን እሠራለታለሁ፤ እግሩንም ከፍ አደርጋለሁ፤
ጎኑን ግን ይተዉለት፣ ይንፈስበት።» «ገባኝ» አሉ፤ እንዳልገባቸው አውቃለሁ።

ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ቅጹን ሞላሁ። ሰዓት፦ ሁለት ተኩል።
ዕቃ፦ የለም። «የብልሽቱ ምክንያት» የሚል መስመር አለ በቀኝ በኩል።
እስክሪብቶዬ ቆመ። ብርድ ልብስ ብዬ ብጽፍ ቢሮው ይስቃል፤
ደግነት ብዬ እንዳልጽፍ ኮድ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ይመልሳል።
«አየር አጥሮት» አልኩ። ሳያነቡ ፈረሙ።

ግድግዳው ላይ ያለው ነጭ ሣጥን ከንፈሩን ከፍቶ ሲተነፍስ፣
ወንበር አስጠግተው ሰጥተውበታል ያንን ርጥብ ብርድ ልብስ፤
ውሃው ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አሥራ አራት ዲግሪ። አሥራ አምስት።

ሸሪ ደወለች፦ «ጨረስክ? ቀጣዩ ኮል ሃርበር ነው።»
አቶ ቡድሮ ጫፉን ዳሰሱ፦ «ተመልከት፣ እሷን እያሞቃት ነው።»